አሥራ ሁለት ብልት

ትርንጎ ዶሮ ስትበልት ጎረቤት ሁሉ ያደንቃት ነበር። ዘንድሮ ግን ቢላ አትነካም። የምትውጠው ክኒን የጡቷ ዕጢ ሥጋ ቦርቡሮ አዲስ የደም ሥር የሚስብበትን ኢንዛይም ዘግቶ ዕጢውን በረሃብ ይቀጣዋል፤ ቁስል የሚሽረውም በዚያው ኢንዛይም ነው። መስከረም ላይ ሽንኩርት ስትከትፍ የተቆረጠች ጣቷ ለፋሲካም አልገጠመችም።

ስለዚህ ባሏ ፍሥሐ በለተ፤ እሷ ከወንበሯ ሆና አዘዘች።

«ቀስ! አጥንቱን እንዳትሰብረው!»

አሥራ ሁለቱም ብልት አምሮ ወጣ።

እኅቷ ጥሩነሽ ወጡን ቀምሳ፣ «እጅሽን ቁርጥማት አይንካው!» ብላ መረቀቻት።

ትርንጎ ቢላ የሸረከተውን የባሏን እጅ ብድግ አድርጋ አሳየቻት።

«ይሄን እጅ መርቂው!» አለች በኩራት። «እዪው፣ እስከ ሐሙስ ይሽራል!»