ያልተፋቀችው ጽሑፍ

ቀለም ቀቢው የጃፓን ሥሪቱን መኪና ሲፍቅ ውሎ፣ የነዳጅ ክዳኑ ጀርባ ከተለጠፈችው ጽሑፍ ሲደርስ ሴት ልጁ እጁን ያዘችው። «ቆይ አባዬ፣ ላንብባት!»

ካንጂ የሚባለውን የጃፓን ጽሕፈት ስልኳ ላይ በጫነችው ነፃ ፕሮግራም ስታጠና፣ «በነፃ የተገኘ ትምህርት ምን ይረባል?» እያለ ሲያሾፍባት ነበር የከረመው። «እስቲ እንይሽ» አለና መፋቂያውን አስቀመጠ። ሁለቱን ምልክቶች በጣቷ አየር ላይ ሣለቻቸው። «ይቺ ‹ቀላል›፣ ይቺ ደግሞ ‹ዘይት›... አንድ ላይ ሲሆኑ ናፍጣ!» መኪናው የናፍጣ መሆኑን እሱ ያውቅ ነበር፤ ለእሷ ግን ማንም አልነገራትም። ሆዱ ቅቤ ጠጣ። ጽሑፏን በፕላስተር ሸፍኖ ዙሪያዋን ቀባ።

ባለመኪናው ሲረከብ፣ «ይቺን አሮጌ ወረቀት ምነው ሳትፍቃት ቀረህ?» አለው።

«እሷማ አትነካም፤ ልጄ ያነበበቻት ናት።»