የሚዘለለው ፎልደር

በመሠራት ላይ ያለ ሕንፃ ደረጃ ተደርምሶ አንድ ግንበኛ ከሞተ ወዲህ፣ በግንባታ ድርጅቱ ውስጥ የሁሉም ጣት ንድፍ ሠሪው ላይ ተቀሰረ። ፌሮውን ከንድፉ ያስቀነሰው ሥራ አስኪያጁ ነበር፤ ጥፋቱን ግን በንድፍ ሠሪው አላከከ። ሰውየው ከሥራ ተባረረ፤ እስርም እየጠበቀው ነው።

እህቱ እዚያው ድርጅት ኮምፒውተር እየጠበቀች ቀረች። ለሆዷ አደረች ብለው አሟት።

ሥራዋ ብዙም አያለፋም። የመጠባበቂያ ቅጂው በየማታው በራሱ ይነሣል። በዋናው ኮምፒውተር ላይ የተጨመረውን ይጨምራል፣ የተሰረዘውን ይሰርዛል፣ እንዲዘለል የተባለውን ፎልደር ሳይነካ ያልፋል። ስለዚህ ጉዳይ የጠየቃት ሰው የለም፤ እሷም ነግራ አታውቅም።

መርማሪ ሊመጣ ነው የተባለ ዕለት ሥራ አስኪያጁ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ።

"'የድሮ ንድፎች' የሚለው ፎልደር ከዛሬ ጀምሮ ቅጂ ውስጥ እንዳይገባ። ዝለይው።"

"ሙሉውን?"

"ሙሉውን! እህትየው መሆንሽን አልረሳሁም። ሥራሽን ከወደድሽ አርፈሽ የታዘዝሽውን ሥሪ።"

"እሺ ጋሼ።"

ዓይኑ እያየ "ይዘለል" የሚለው ላይ ምልክት አደረገች። ሳቀ። ወዲያው ቢሮው ገባና ፎልደሩን በገዛ እጁ ከዋናው ኮምፒውተር ላይ ሰረዘው።

ያን ዕለት እራት ላይ ለወንድሟ ነገረችው። እርር ድብን አለ።

"የእናቴ ልጅ! ያ ፎልደር እኮ ነፍሴ ነው! ምን በደልኩሽ?"

"ታዘዝኩ። ብላ፣ ይቀዘቅዝብሃል።"

"ለዚያ አውሬ? የእጁን ይስጠው!"

"አሜን" አለችና ሳህኑን አስጠጋችለት።

መርማሪዋ መጣች። ዋናው ኮምፒውተር ተፈተሸ፤ ፎልደሩ የለም።

"ንድፍ ሠሪው ራሱ አጥፍቶት ይሆናላ" አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ትከሻውን ሰብቆ።

"እስቲ ቅጂው ይከፈት።"

"ይከፈት እንጂ! ምን ገዶን!"

ተከፈተ። "የድሮ ንድፎች" ቁጭ ብሏል፤ ንድፉ ከነሙሉ ፌሮው፣ የሥራ አስኪያጁ "ፌሮ ቀንሱ" የሚል ትእዛዝም ከነፊርማው።

ሥራ አስኪያጁ ወደ እህትየው ዞረ። መርማሪዋ መኖሯንም ረሳ።

"አንቺ! ዝለይው አላልኩሽም?"

"ዘለልኩት እንጂ። ባያዙኝ ኖሮ ጋሼ፣ እርስዎ የሰረዙትን ማታ ቅጂውም አብሮ ይሰርዘው ነበር።"