የሜዳው ጎጆዎች

ሕጉ አጭር ነው፦ ከጦር አውሮፕላን ከተጣለው እህል በደህና ያረፈው ሁሉ መጋዘን ይገባል፤ ፓራሹቱ ሳይከፈት ሰው ያለበት ቤት ላይ የወደቀው ግን ለሟቹ ቤተሰብ ነው። ስለዚህ ዘሀራም እንደ ሰፈሩ ሰው ሜዳው ላይ ጎጆ ቀልሳ የባሏን አባት አባ ይማምን አስተኛችበት።

ዛሬ አንድ ፓራሹት አልከፈት አለ። ሰው ሁሉ ወደ ሰማይ አንጋጠጠ። ጭነቱ ወርዶ የጎረቤቷን የከድጃን ጎጆ ከነእናቷ ጨፈለቀው።

"እንኳን ደስ ያለሽ!" አለቻት ዘሀራ፣ ቅናት እያነቃት።

ሲመሽ አባ ይማም በምርኩዝ እየተጎተቱ ቤት ገቡ። የዘሀራ ልጆች አንገታቸውን ደፉ። ራት ቀርቧል፤ የእሳቸው ሳህን ግን አልወጣም።

ሽማግሌው ሳህኖቹን አይተው በሩ ላይ ቆሙ።

"አይዞሽ ልጄ፣" አሉ፤ "ነገ ወደ ሜዳው መሃል አስጠጊኝ።"