ባሌ ሲያነብልኝ

ባሌ ደብተሩን ከእጄ ተቀብሎ ጉሮሮውን ይጠርጋል። መታደል ነው፤ እሱ መጥረግ ይችላል።

የጻፍኩት ሁለት መስመር ነው። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሐኪሙ ለሦስት ወር ከግማሽ ቀን በላይ እንዳላስተምር ከልክሎኛል። ለከሰዓቱ ክፍል ሌላ ሰው ይፈለግ።» ዳይሬክተራችን ራሱ እንዳያነበው መነጽሩን ቢሮ ረስቶ መጥቷል። ሶፋችን ላይ ተደላድሎ ሻዩን እየጠጣ ይጠብቃል። ጉልበቱ ላይ የከሰዓቱንም ክፍል ደርቤ እንዳስተምር የሚያዝ፣ የእኔ ፊርማ ብቻ የቀረው ወረቀት አለ።

«እ… ትንሽ ይከብደኛል፣» ይላል ባሌ እያነበበ፣ «ግን እንመካከርበት ነው የምትለው።»

ምን አለ? ፊቱን አየዋለሁ። ዓይኑን ከደብተሩ ላይ አያነሳም። አይ የኔ ጌታ! ይሉኝታ እንደሚያጠቃው ድሮም አውቃለሁ፤ ስልክ ተሳስቶ ለደወለበት ሰው እንኳ ይቅርታ የሚጠይቅ ነው። እስከ ዛሬ የተጎዳው ግን ራሱ ነበር።

ዛሬ ዝም ካልኩ ስድስተኛ ቀኔ ነው። አሥራ ስድስት ዓመት አንደኛ ክፍል ሳስተምር፣ በየዓመቱ ከስልሳ ሕፃን በላይ ለመሰማት ስጮህ፣ ጉሮሮዬ ውስጥ ሁለት እብጠት አበቀልኩ። ሐኪሙ ለሰባት ቀን አንድ ቃል እንዳይወጣኝ አዘዘ። ማንሾካሾክም አይቻልም፣ እንዲያውም እሱ ይብሳል አለኝ። ከዚያ በኋላ ግማሽ ቀን ሥራ፣ ግማሽ ቀን ዕረፍት። ይህ ካልሆነ ቀዶ ጥገና ነው፤ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ድምፄ ስለመመለሱ ግን ቃል ሊገባልኝ አልፈለገም።

ከሰዓት በኋላዬን እንዴት እንደወደድኩት ደግሞ ለማንም አልጻፍኩም። ካገባሁ ወዲህ በቀን ተኝቼ አላውቅም ነበር። ማክሰኞ ዕለት ተኝቼ ስነሳ የትራሱ ስፌት ጉንጬ ላይ መስመር ሠርቷል። መስታወት ፊት ቆሜ ያቺን መስመር እየዳበስኩ ሳቄ መጣ፣ ያለ ድምፅ። ከራሴ ጋር ከተያየን ስንት ጊዜ ሆኖናል!

«እንግዲህ ከተመካከራችሁ ምን ቀረ?» ይላሉ አማቴ ከመስኮቱ ሥር ካለው ወንበራቸው። እሳቸው ፊደል አልቆጠሩም። ስለ እኔም «ካኮረፈች ስድስት ቀኗ» እያሉ ለጎረቤቱ ሁሉ አውርተዋል። «እኛም ጉሮሯችንን እያመመን ነው ልጅ ያሳደግነው።»

«እውነትዎን ነው፣ እናቴ፣» ይላል ዳይሬክተሩ። «የከሰዓቷ መምህርት ወለደች፤ ልጆቹ ሜዳ ላይ ቀሩ። አንድ ሴሚስተር ብቻ ነው። ሌላ መምህር ጋ ብሄድ መቶ ሰበብ ይደረድርልኛል። እሷ ግን እምቢ እንደማታውቅ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ይመሰክራል።»

ያመሰገነኝ መስሎታል።

ደብተሩን ከባሌ እነጥቃለሁ። «በትክክል አንብብ። አልፈርምም።» ብዬ ጽፌ አፍንጫው ሥር አደርስለታለሁ።

ያነበዋል። ያልበዋል። «ፊርማው…» ይላል፣ «ፊርማው ሰኞ ቢሆንስ ትላለች።»

«ሰኞማ ሥራ ትጀምራለች፤» ዳይሬክተሩ ብድግ ብሎ እስክሪብቶ ይዘረጋልኛል። «አሁኑኑ ፈርሚና እንገላገል፣ መምህርት።»

ከታች የሚነሳ ነገር አለ። ደረቴን አልፎ አንገቴ ላይ ይደርሳል። አፌ ተከፍቷል፤ አየሩን ስቤያለሁ። አንዲት ቃል ናት፤ ስድስቱ ቀን ገደል ይግባ። ስልሳ ልጅ ጸጥ የሚያሰኘውን ድምፄን ልለቀው ነው።

ባሌ አፌን ሲያይ ይደነግጣል። «እንዳትናገሪ» ይላል፣ በልመና። «በማርያም፣ እንዳትናገሪ።»

እንዲህ የሚሳሳልኝ ሰው እንዴት አንድ መስመር አያነብልኝም? ላቅፈውም ላንቀውም እፈልጋለሁ። የሳብኩትን አየር ቀስ ብዬ በአፍንጫዬ አስወጣለሁ፤ ጥርሴን እገጥማለሁ፤ እስክሪብቶውን እቀበላለሁ።

ዳይሬክተሩ ፈገግ ይላል። ወረቀቱን ከእጁ ወስጄ በጀርባው እገለብጠዋለሁ፤ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሼም እጽፋለሁ። መጨረሻው ዴስክ ላይ ለሚቀመጠው፣ ዓይኑ ለደከመው ልጅ ሰሌዳ ላይ እንደምጽፈው ነው የምጽፈው፤ እያንዳንዱ ፊደል ሁለት ጣት ያህል ወፍሮ። ደጋግሜ ሳደምቀው ወረቀቱ አንድ ቦታ ይቀደዳል። ከዚያ ደረቴ ላይ ለጥፌ ፊቱ እቆማለሁ።

ዓይኑን ያጨነቁራል። «አል… ች…» ብሎ እንደ ተማሪዎቼ ፊደል በፊደል ይጀምራል፤ ሲገባው አይጨርሰውም። ተመልሶ ይቀመጣል።

«ምን አለች?» ይላሉ አማቴ።

ዳይሬክተሩ የሻይ ስኒውን ያነሳል።

«ምን ብላ ነው፣ እኮ? እኔ ሰው አይደለሁም?»

ወረቀቱን ወደ ባሌ አዞራለሁ። አላወርደውም። እሱ ዳይሬክተሩን ያያል። እናቱን ያያል። ከዚያ እኔን ያያል፤ ቆይቶ ያያል፣ የተከፈተውን አፌን ሲያይ እንደነበረው አድርጎ።

«አልችልም ነው ያለችው፣ እማዬ፣» ይላል። ድምፁ መጀመሪያ ይሰነጠቃል፤ ደግሞ ይለዋል፣ አሁን ጠንከር አድርጎ። «አልችልም ብላለች።»

ድምፄ እስከ ግቢው በር ይሰማል የሚባልልኝ ሴት ነበርኩ። ይህቺ ቃል ግን ለእኔ ተብላ ስትነገር ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።