የድንቅቱ ቀኝ እጅ

ድንቅቱ በግራ እጇ ቆርሳ ቀመሰች። ፖሊሱ አይቶ ሳህኑን ያዘባት።

«ምን ጨምረሽበት ነው በግራሽ የምትቀምሺው? በቀኝሽ!»

ስንቅ ወደ እስር ቤቱ ከመግባቱ በፊት ያመጣው ሰው ይቀምሳል፤ የሰበታ እናቶች ይህን ከለመድን ሁለት ወር ሆነን። ድንቅቱ ግን ቀኝ እጇን በነጠላ ጠቅልላ ደረቷ ላይ ይዛለች። አላወጣችውም።

እኔ ሰልፉ ላይ ከኋላዋ ነበርኩ። ከተኳረፍን ሦስት ወራችን ነው፤ ተራው ሆኖብኝ ነው እንጂ ጀርባዋን እያየሁ ባልቆምኩ። ግን አፌ መቼ ያርፍልኛል!

«ኧረ በእናትህ! እጇን እየበላት ነው» አልኩት። «ቀኝ እጅ ሲበላ የናፈቁትን ሰው መጨበጥ ነው። ሰውየው ሳይመጣ ካከኩት፣ ሌላ ነገር ካስነኩት ሰላምታው ይቀራል። ዛሬ የሚፈቱ አሉ ሲባል ሰምታ ነው። ልጇን ብላ ነው፣ ተዋት!»

እሱም እናት አለችው መሰለኝ፣ ሳህኑን ተቀበላት። የእኔንም ምሳ ዕቃ አስቀምሶኝ ወደ ውስጥ ገባ። ድንቅቱ ዞር ብላም አላየችኝ።

አልፈርድባትም። በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ጊዜ የሱቄ መስታወት የረገፈ ቀን፣ ልጇን ሞቲን ከሕዝቡ መሀል አይቼዋለሁ። እጁ ላይ ድንጋይ አልነበረም፤ ቆሞ ነበር። በማግስቱ ፖሊሶች መጥተው «ማን ማን ነበር?» ሲሉኝ ግን ንዴቱ አልበረደልኝም ነበርና «የድንቅቱ ልጅም ነበረ» አልኩ። እጁ ባዶ እንደነበር አልተናገርኩም። ያኑ ዕለት ወሰዱት። ይቺን ምላሴን ምነው በቆረጠልኝ ኖሮ! ወር ሳይሞላ ደግሞ ወጣቱን ከመንገድ ሲያፍሱ የእኔን ኪሩቤልንም ጭነው እዚሁ አመጡት።

እዚህ በር ላይ ማንም ምንም አይነግርም። የሚናገረው ዕቃው ነው። ባዶውን ከተመለሰ ልጅ አለ፣ በልቷል። ምግቡ እንዳለ ከተመለሰ ልጅ የለም። እስከ ትናንት የሁለታችንም ባዶውን ይመለስ ነበር።

«የኪሩቤል!»

ምሳ ዕቃዬ ቀሎ መጣ። ተመስገን ልል አፌን ከፈትኩና ድንቅቱን አይቼ ዘጋሁት።

«የሞቲ ቦሩ!»

በግራ እጇ ተቀበለች። ገና ስትይዘው ክብደቱን አወቀችው። መሬት አስቀምጣ ክዳኑን ገለጠች፤ እሷ ለቅምሻ የቆረሰችው ጠርዝ ብቻ ጎድሏል።

«ሌሊት ወስደውታል» አለ ፖሊሱ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ወዴት?»

«እሱን አላውቅም፣ እናቴ።»

«ያ ሞቲ ኮ!» አለች በኦሮምኛ፤ ወይኔ ሞቲዬ ማለቷ ነው። ወደ ፊት አዘመመች።

መሬት ሳትደርስ ዘልዬ ያዝኳት። ምኗን እንደያዝኩ ያየሁት ካቆምኳት በኋላ ነው። ነጠላው ተፈትቶ ወድቋል፤ ቀኝ እጇ በቀኝ እጄ ውስጥ ነው። ከንጋት ጀምሮ ተጠቅልሎ የዋለ እጅ፣ ሞቆ በላብ ርሷል። ልለቀው አሰብኩ፤ ብለቃት ትወድቃለች።

እሷም የተያያዘውን እጃችንን ቁልቁል አየችው።

«ማሪቱ» አለች። ሦስት ወር ሙሉ ያልጠራችው ስሜ ነው።

«ወዬ፣ ድንቅቱዬ።»

«እጄን መብላቱን ተወኝ።»

የሞቲን ሰላምታ እኔ አስቀረሁባት ብዬ ደነገጥኩ። እጄን መንጭቄ አወጣሁና ነጠላዋን ከመሬት አንስቼ፣ አቧራውን አራግፌ፣ እጇን መልሼ ልጠቀልልላት ሞከርኩ። እሷም አልከለከለችኝ፤ እንደ ሕፃን ዝም ብላ ዘርግታ ቆመችልኝ። ጨርቁ ግን አልይዝ እያለ ይንሸራተታል።

ከኋላችን «ኧረ እለፉ፣ ሰው ይጠብቃል!» አሉ።

ድንቅቱ ጎንበስ አለች። ሳህኑን ከመሬት አነሳችው፤ በቀኝ እጇ።