የመጀመሪያው እጅ

ሰኞ ጠዋት፣ የሥራ ደወል ሳይደወል፣ ማሸጊያ ክፍሉ ውስጥ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ሮቦቱን የሠራው መሐንዲስና ከነገ ጀምሮ ከሮቦቱ ጎን ካርቶን የምታሽገው ታላቅ እህቱ። በፋብሪካው ደንብ፣ ማሽን የሠራ ሰው መጀመሪያ በራሱ እጅ ላይ ይሞክረዋል። እሱም እጁን ካርቶኑ ላይ ዘረጋ። የብረቱ ክንድ ፈጠን ብሎ ወረደና ቆዳውን ገና እንደነካ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«አየሽ እትዬ? ከእኔ ይልቅ እሱ ጨዋ ነው።»

እህቱ ግን የምታየው የብረቱን ክንድ ሳይሆን የወንድሟን እጅ ነበር።

«አንተ ልጅ፣ ከመቼ ወዲህ ነው ግራኝ የሆንከው?» አለችው። «እኔ እንደሆንኩ የምሠራው በቀኜ ነው።»

ቀኝ እጁን ከኪሱ ሲያወጣው በላብ ርሶ ነበር። ወደ መቆጣጠሪያው ሄዶ የክንዱን ፍጥነት በግማሽ ቀነሰ። ከዚያ ተመልሶ ቀኝ እጁን ካርቶኑ ላይ ዘረጋ።