በአምሳል ስም የተያዘው ደም

አምሳል ታመነን መጥላት የጀመረችው የወርቁ መመርመሪያ ስትሪፕ በመጣ ሳምንት ነው።

ሁለቱም የሚሠሩት ሳውዲ አረቢያ፣ ደማም ከተማ፣ አል አዳማ ሰፈር ባለ አንድ የግል ክሊኒክ ላቦራቶሪ ውስጥ ነበር፤ እሱ ኃላፊ፣ እሷ ቴክኒሺያን። ጊዜው 1997 ነው። ለኢቃማ፣ ለመኖሪያ ፈቃዳቸው፣ የሚመረመሩ የወደብ ሠራተኞች ከማለዳ ጀምረው በሩ ላይ ይሰለፋሉ። ቀድሞ የጉበት ቫይረስ ያለበትን ለመለየት ግማሽ ቀን ይፈጅ ነበር። ለአዲሱ ስትሪፕ ሩብ ሰዓት ይበቃዋል። ወረቀቱ ላይ በዓይን የማይታዩ የወርቅ ብናኞች አሉ፤ ቫይረሱ ደሙ ውስጥ ካለ ብናኞቹ አንድ ቦታ ተሰብስበው ቀይ መስመር ይሆናሉ። አንዱ መስመር ለማንም ይወጣል። ሁለተኛው የወጣበት ግን ፓስፖርቱ ላይ የመውጫ ማህተም፣ ኹሩጅ፣ ተመትቶበት ወዳገሩ ይሸኛል።

ስትሪፑ በመጣ ዕለት ሠራተኞቹ በሙሉ ለመሞከሪያ ደም ሰጡ። ታመነ የሁሉንም ብቻውን ሠርቶ «ዕቃው ደህና ነው» አለ።

በማግስቱ አምሳልን ከደም መቅጃው ክፍል አስነሳት።

«ከዛሬ ጀምሮ መርፌ እንዳትነኪ። መዝገብ ትጽፊያለሽ።»

«ምን አጠፋሁ፣ አቶ ታመነ?»

«ነገርኩሽ እኮ። ኸላስ፣ አበቃ!»

ስምንት ዓመት ደም ስትቀዳ የኖረች ሴት በባልደረቦቿ ፊት ጸሐፊ ሆና ቀረች። ነገሩ በዚህም አላበቃም። ራስ ምታቷ ተነስቶባት ፓናዶል ስታወጣ ከእጇ ነጥቆ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጣለው። «ይህን ኪኒን እንደ ከረሜላ ስትቅሚ ሁለተኛ እንዳላይሽ» አላት። ሌላ ቀን ደግሞ የፈቃድ መጠየቂያ ወረቀት አምጥቶ ፊቷ አስቀመጠ።

«የዓመት ፈቃድሽን ውሰጂና አገር ቤት ግቢ።»

«ኢቃማዬ ሊታደስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው?»

«አሁኑኑ ሂጂ ነው የምልሽ!»

ወረቀቱን ሳትነካው ተነስታ ሄደች።

ማታ በጎረቤት ከተማ ኾበር፣ ቤታቸው ውስጥ፣ ለባሏ ለገመዳ ሁሉንም ዘረገፈችለት። ገመዳ በአንድ ድርጅት መካኒክ ነው።

«ተይው እባክሽ» አላት። «አርብ አርብ ቤት ውስጥ ተደብቀን አብረን የምንጸልይ ሰው ነው።»

«ጸሎቱን ለራሱ ያድርገው! የእህቱ ልጅ አዲስ አበባ በላቦራቶሪ ተመርቃ ቪዛ ትጠብቃለች። የኔን ቦታ ሊያስለቅቅላት ነው። እኔ ከወጣሁ አንተ እዚህ ብቻህን ልትቀር ነው፤ ይገባሃል?»



የኢቃማዋ ምርመራ ደረሰ። ታመነ ማንንም ሳያስጠጋ ደሟን ራሱ ቀዳ። ዓይኗን አላያትም። ያን ዕለት ከወደብ ከመጡት ውስጥ ሦስቱ ሁለት መስመር ወጥቶባቸው ነበር፤ መዝገብ ላይ ያሰፈረቻቸው እሷ ናት።

ለቀትሩ የዙሁር ሶላት ክሊኒኩ ሲዘጋ አምሳል የረሳችውን ቦርሳ ልታነሳ ተመለሰች። በመስታወቱ አሻግራ ስታይ ታመነ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ስሟ የተጻፈበትን ወረቀት ከአንድ ቲዩብ ላይ በጥፍሩ ልጦ ሌላ ቲዩብ ላይ ለጠፈው።

በሩን በርግዳ ገባችና አሁን ስሟ የተለጠፈበትን ቲዩብ ከመደርደሪያው ነጠቀችው።

«ያዝኩህ!» አለችው። አንቱታው ያን ጊዜ ቀረ። «የበሽተኛ ደም በስሜ ልትልክ! አንተ ደግሞ ክርስቲያን ነህ?»

«አምሳል፣ በእግዚአብሔር፣ ድምፅሽን ቀንሺ።»

አልቀነሰችም። ሱዳናዊው ሥራ አስኪያጅ ዶክተር በሽር ከሶላት ሲመለስ በር ላይ ጠበቀችው። ያየችውን በዐረብኛ ነገረችውና ቲዩቡን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

ዶክተሩ ወደ ታመነ ዞረ። «እውነት ነው?»

«እውነት ነው። ቀይሬዋለሁ» አለ ታመነ። «ጥፋተኛ ነኝ። ሌላ ምርመራ አያስፈልግም፤ እኔን አባርረኝ።»

«አያስፈልግም?» አለች አምሳል። «ሊሸፋፍነው ነው! አሁን እዚሁ ደሜ ይቀዳ። ሁለቱም ጎን ለጎን ይታዩ።»

ታመነ በአማርኛ ለመናት። «አንቺ ልጅ፣ ስለ ገመዳ ብለሽ ተይ። እኔን ያባርሩኝ፤ አንቺ ብቻ ደምሽን እንዳታስቀጂ።»

«ተዪኝ እያለ ይለምነኛል» ብላ ለዶክተሩ ተረጎመችለት።

ፊሊፒናዊቷ ነርስ ተጠራች። አምሳል እጅጌዋን ራሷ ሰብስባ ክንዷን ዘረጋች። ዶክተር በሽር ከሁለቱም ደም በየስትሪፑ አንጠባጠበና ሰዓቱን ፈትቶ አጠገባቸው አስቀመጠ። ታመነ ጥጉ ላይ ካለችው ዱካ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። አምሳል አንገቷን ቀና አድርጋ ቆማለች፤ የወር ሙሉ ውርደቷ የሚካስበት ሩብ ሰዓት ነበር። ቀዩ ቀለም በወረቀቱ ላይ ቀስ እያለ ወጣ።

ዶክተር በሽር መነጽሩን አድርጎ ጎንበስ አለ፤ ታመነ በስሟ ካስቀመጠው ደም የወጣው መስመር አንድ ነው፤ አሁን ከክንዷ ከተቀዳው ሁለት።